የምግብ ቧንቧ ካንሰር «ገፍቷል» ሲባል ምን ይቅደም?

ጥያቄ፦ «አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ላለፉት አራት ወራት ምግብ አልወርድ ሲላቸው ቆይቶ አሁን የሚወርድላቸው ፈሳሽ ብቻ ሆኗል። ክብደታቸው ከ68 ኪሎ ወደ 57 ወርዷል። በኢንዶስኮፒ ሲታዩ ከፊት ጥርስ 26 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ የሚጀምር ዕጢ ተገኘ፤ መሣሪያው ማለፍ አቅቶት ተመለሰ። የናሙናው ውጤት ‹ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ› ይላል። የሲቲ ስካኑ ውጤት ደግሞ በምግብ ቧንቧው ዙሪያ ያበጡ ንፍፊቶች፣ በጉበት ላይም ሁለት ትንንሽ ነጠብጣቦች እንዳሉ ገልጾ ‹ስርጭት ሊሆን ይችላል› ይላል። አንዱ ሐኪም ስቴንት ይግባላቸው አሉ፣ ሌላው ኬሞ፣ ሦስተኛው ጨረር። ቤተሰቡ ደግሞ ለምን በቀዶ ሕክምና አይወጣም ይላል። ናሙና ሲወሰድ በሽታው ተነካክቶ ተባባሰ የሚሉም አሉ። እርሳቸው ራሳቸውን ችለው ይራመዳሉ፣ ይታጠባሉ። ምን ይቅደም? ስቴንት ከገባላቸው ኬሞው ምን ያደርጋል? ወይስ በከንቱ እያንገላታናቸው ነው?»

መልስ፦ ከጻፉት ሁሉ የአባትዎን ሕክምና የሚወስነው በጉበት ላይ ስላሉት ሁለት ነጠብጣቦች የተጻፈው «ስርጭት ሊሆን ይችላል» የሚለው ሐረግ ነው። ሊሆን ይችላል ማለት ገና አልተረጋገጠም ማለት ነው። ሦስቱ ሐኪሞች የሚቃረኑ ቢመስልም እያንዳንዳቸው የመለሱት የተለየ ጥያቄ ነው። ስቴንት (የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ የብረት መረብ) ያሉት ምግብ እንዴት ይውረድ ለሚለው መልሰዋል። ኬሞ ያሉት በጉበት ላይ ያለው በእርግጥ ካንሰር ነው ብለው ተነሥተዋል። ጨረር ያሉት ደግሞ አይደለም ብለው። ነጠብጣቦቹ ምን እንደሆኑ ሳይታወቅ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ቁማር ነው።

«ገፍቷል» የሚለው ቃል ሁለት በጣም የተለያዩ ሁኔታዎችን በአንድ ስም ይጠራል። የመጀመሪያው ዕጢው የቧንቧውን ግድግዳ አልፎ፣ በአካባቢው ያሉ ንፍፊቶች ውስጥም ገብቶ፣ ነገር ግን ከዚያ ያልራቀበት ደረጃ ነው። ይህ ከባድ ቢሆንም ለማዳን ታስቦ ይታከማል። ሁለተኛው በሽታው በደም ተጉዞ ጉበት፣ ሳንባ ወይም አጥንት ላይ የሰፈረበት ነው። በዚህ ጊዜ የሕክምናው ዓላማ ዕድሜን ማርዘም፣ መዋጥን መመለስና ሥቃይን መቀነስ ይሆናል። በቧንቧው ዙሪያ ያበጡት ንፍፊቶች ብቻቸውን አባትዎን ወደ ሁለተኛው ጎራ አይከቷቸውም። የሚከታቸው ጉበቱ ነው፣ ያውም ከተረጋገጠ።

ጉበት ላይ የሚታይ ትንሽ ነጠብጣብ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ወይም ምንም ጉዳት የሌለው የደም ሥሮች ጥቅል በብዙ ጤነኛ ሰዎች ጉበት ላይ አለ። መጠኑ ከ1 ሴንቲሜትር በታች ሲሆን ደግሞ ሲቲ ስካን ብቻውን ለመለየት ይቸገራል። ምስሉን በሚያጎላ ንጥረ ነገር (ኮንትራስት) የታገዘ የጉበት ኤምአርአይ አብዛኛውን ጊዜ ይለየዋል። ፔት ስካን ካለ መላ ሰውነቱን በአንድ ጊዜ ያሳያል፣ በጣም ትንንሽ ነጠብጣቦችን ግን ሊስት ይችላል። ጥርጣሬው ካልጠራና ቦታው የሚደረስበት ከሆነ በአልትራሳውንድ እየታዩ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ይህ ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ መፍጀት የለበትም። «ቀጠሮ ደርሶ እስኪታይ» ተብሎ ሁለት ወር የሚሄድ ከሆነ ምርመራው ራሱ ጉዳት ይሆናል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘለል ምርመራ አለ። ከጥርስ 25 ሴንቲሜትር አካባቢ የአየር ቧንቧው ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ነው። የአባትዎ ዕጢ የሚጀምረው 26 ላይ ስለሆነ ከአየር ቧንቧው ጋር ተጎራባች ነው። ስለዚህ በብሮንኮስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ የአየር ቧንቧው ውስጡ መታየት አለበት። ዕጢው ወደዚያ ሰርስሮ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ከነአካቴው ይቀራል፣ ጨረሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስቴንት ሲገባም የተለጠጠው ብረት የአየር ቧንቧውን ከኋላ ተጭኖ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ይህን አስቀድሞ ማወቅና ስቴንቱ ከገባ በኋላ ማወቅ በጣም ይለያያሉ።

ናሙና መውሰዱ በሽታውን አባባሰው የሚለውን ይተዉት። ጠጣር ምግብ መቸገር የሚጀምረው የቧንቧው ውስጠኛ ስፋት ከ13 ሚሊሜትር ገደማ በታች ሲወርድ ነው። እስከዚያ ድረስ ቧንቧው ስለሚለጠጥ ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ ዕጢው ግን ከውስጥ ሲያድግ ቆይቷል። የምግብ ቧንቧ እንደ አንጀት የውጭ ሽፋን የለውም፣ ከግድግዳው ሥርም ቁመቱን ተከትሎ የሚሄድ የሊምፍ መረብ አለው። ስለዚህ ገና መዋጥ ሳያስቸግር ወደ ንፍፊቶች መድረሱ የዚህ በሽታ ጠባይ ነው። አባትዎ ለኢንዶስኮፒ የሄዱት በሽታው በሚፈጥንበት ወቅት ስለሆነ ከናሙናው በኋላ የመጣው መባባስ ናሙናው ባይወሰድም ይመጣ ነበር። ያለ ናሙና ደግሞ ኬሞም ጨረርም መስጠት አይቻልም፤ የመድኃኒቱ ምርጫ በቀጥታ የሚነሣው ከዚያች ቁራሽ ሥጋ ነው።

የቤተሰቡ ጥያቄ «ለምን አይወጣም» የሚለው ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና ደረትና ሆድ ተከፍቶ አብዛኛው የምግብ ቧንቧ የሚወጣበት፣ ጨጓራ በቱቦ መልክ ተሰፍቶ ወደ ላይ ተስቦ በቦታው የሚተካበት ነው። ብዙ በሚሠሩ ማዕከላት እንኳ ስፌት ማፍሰስና የሳንባ ምች የታወቁ መዘዞች ናቸው፤ ከቀዶ ሕክምናው ሳይነሡ የሚቀሩም አሉ። ሙሉ አቅም እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። ጉበት ላይ ያለው ካንሰር ከሆነ በእነዚያ ወራት ኬሞ መስጠት ስለማይቻል የጉበቱ ያለ ከልካይ ያድጋል። ሰውየው በቁስል ላይ እያለ በሽታው ይቀድመዋል። ስርጭት ሲረጋገጥ ቀዶ ሕክምና የማይመከረው ለዚህ ነው፤ «ዕድሜያቸው ስለገፋ» ወይም «ተስፋ ስለተቆረጠ» አይደለም።

ጉበቱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ያኔም ቢሆን በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና አይገባም። መጀመሪያ ኬሞና ጨረር አንድ ላይ ይሰጣል፦ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክስል በሳምንት አንድ ጊዜ ለ5 ሳምንት፣ ከዚሁ ጎን በ23 ቀን የሚከፋፈል 41.4 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ጨረር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ክሮስ የተባለው ጥናት ይህንን አስቀድመው ወደ ቀዶ ሕክምና የሄዱትን በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ጋር አወዳድሮ ነበር። ቀድመው ከታከሙት ግማሾቹ ከ49 ወር በላይ ሲኖሩ ከሌላው ቡድን ግማሾቹ የኖሩት ከ24 ወር በላይ ነው። እንደ አባትዎ ስኳመስ (ከቧንቧው የውስጥ ሽፋን ጠፍጣፋ ሴሎች የሚነሣው ዓይነት) ከነበራቸውና ከተቀደዱት ውስጥ በግማሽ ገደማ (49 በመቶ) በወጣው አካል ላይ በማይክሮስኮፕ እንኳ ሕያው የካንሰር ሴል አልተገኘም። ስኳመስ ለጨረር እጅ የሚሰጥ ዓይነት ነው። ከዚህ የተነሣ ዕጢው ለቀዶ ሕክምና በማይመችበት ወይም የሰውየው አቅም በማይፈቅድበት ጊዜ ጨረሩን ወደ 50 ግሬይ ከፍ አድርጎ ከኬሞ ጋር በመስጠት ያለ ቀዶ ሕክምና ለማዳን መሞከር ተቀባይነት ያለው መንገድ ነው። ኬሞና ጨረር ወስደው ተቀድደው፣ በወጣው አካል ላይ የካንሰር ቅሪት የተገኘባቸው ደግሞ ኒቮሉማብ የተባለ፣ የሰውነት መከላከያን የሚያነቃቃ መድኃኒት ለአንድ ዓመት ይሰጣቸዋል፤ የበሽታውን መመለስ እንደሚያዘገይ ታይቷል።

አሁን ወደ አንገብጋቢው እንምጣ። አባትዎ 11 ኪሎ ማለትም ከክብደታቸው 16 በመቶ አጥተዋል። ምርመራው እየሄደ ሳለ ምግብ መጠበቅ የለበትም፣ ምግቡ ግን በስቴንት መጀመር የለበትም። ምክንያቱም ጉበቱ ንጹሕ ሆኖ የማዳን ሕክምና የሚጀመር ከሆነ ውስጥ የተቀመጠ ብረት ችግር ይሆናል። ጨረር ዕጢውን ሲያቀልጠው ስቴንቱ ይንሸራተታል፣ የሳሳውን ግድግዳ ሊበሳ ወይም ወደ አየር ቧንቧ ሊከፍት ይችላል። በዚህ ደረጃ የምመርጠው በአፍንጫ የሚገባ ቀጭን የመመገቢያ ቱቦ ነው። መደበኛው ኢንዶስኮፕ ስላላለፈ ቱቦው በዓይነ ስውር አይገፋም፤ በቀጭን ሽቦ ተመርቶ፣ በኢንዶስኮፒ ወይም በራጅ እየታየ ይገባል። ይህ ካልተቻለ ትንሹ አንጀት ላይ በሆድ በኩል የሚገባ ቱቦ ይደረጋል። ጨጓራ ላይ በሆድ በኩል የሚተከለው ቱቦ ቀላል ቢመስልም ቀዶ ሕክምና ሊኖር የሚችል ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ ሳይጠየቅ አይደረግ። ለመተኪያነት የሚፈለገው ጨጓራው ራሱ ነው፤ እርሱን የሚመግበው የደም ሥር ከተነካ መተኪያው ተበላሸ ማለት ነው። ቱቦው በአፍ ገብቶ በዕጢው በኩል ሲጎተትም የካንሰር ሴል ሆድ ግድግዳ ላይ ይዞ ሊሄድ እንደሚችል የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ቤተሰብ በቅንነት የሚሠራው ስሕተት አለ፤ ቱቦው እንደገባ በብዛት መመገብ። ለወራት የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ወደ ሴሎች ውስጥ ይገቡና ደሙ ውስጥ ያለው መጠን ያሽቆለቁላል። ልብ ምቱን ሊስት፣ ሰውየው ሊደክምና ግራ ሊጋባ፣ ሊሞትም ይችላል። ከ15 በመቶ በላይ ክብደት ያጣ ሰው ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ስለሆነ አባትዎ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ምግብ ከመጀመሩ በፊት ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) መስጠት፣ በቀን በኪሎ ከ10 ኪሎ ካሎሪ ባልበለጠ መጀመር፣ ለእርሳቸው 570 ገደማ ማለት ነው፣ ከዚያ ደሙ በየቀኑ እየታየ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ማሳደግ። የመጨረሻው ግብ በቀን ከ1,400 እስከ 1,700 ኪሎ ካሎሪና ከ70 እስከ 85 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። ሲመገቡና ከተመገቡ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ከወገብ በላይ ቀና ብለው ይቀመጡ። ከእያንዳንዱ ምግብና መድኃኒት በፊትና በኋላ ቱቦው በ30 ሚሊ ሊትር ውኃ ይታጠብ፤ የሚደፈነው አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ባልደቀቀ ክኒን ነው። ቀስ እያሉ እንዲሟሙ የተሠሩ ክኒኖች ጭራሽ አይፈጩም፣ የ12 ሰዓቱ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃልና። በፈሳሽ መልክ ያለውን ይጠይቁ።

ጉበቱ ላይ ያለው ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ ስቴንት ወደ ውይይቱ ይመለሳል። ስቴንት በዕጢው መካከል ታጥፎ የሚገባና ውስጥ ሲደርስ ራሱን የሚዘረጋ የብረት መረብ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መዋጥ ይሻሻላል። ድክመቱ ደግሞ ከጊዜ ጋር ነው የሚመጣው። የደረት ሕመም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተለመደ ነው። ሙሉ በሙሉ ሽፋን ያለው ዓይነት ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ሽፋን የሌለው ደግሞ ዕጢው በመረቡ ቀዳዳ አልፎ ይሞላዋል። ሁለቱም ቢሆኑ ከወራት በኋላ ዕጢው በጫፎቻቸው ላይ ሊያድግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የ209 ታማሚዎች ጥናት ስቴንትን በቧንቧው ውስጥ በሚገባ አንድ የ12 ግሬይ ጨረር አወዳድሮ ነበር። ስቴንቱ ፈጥኖ አቃለለ፤ ጨረሩ ግን ለረዥም ጊዜ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፣ መዘዙም አነሰ። ይህ የውስጥ ጨረር መሣሪያ በሌለበት ከውጭ የሚሰጥ አጭር ጨረር፣ 20 ግሬይ በ5 ቀን ወይም 30 ግሬይ በ10 ቀን፣ ተመሳሳይ ዓላማ ያገለግላል። ከውጭ የሚሰጠው ጨረር ውጤቱ እስኪታይ ግን ሳምንታት ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዕጢው አብጦ መዋጡ ጭራሽ ሊከብድ ስለሚችል ቤተሰብ ይህን አውቆ መጠበቅ አለበት።

ስለዚህ የእኔ ሚዛን የሚያዘነብለው በሚጠበቀው ዕድሜ ነው። ጥቂት ሳምንታት ብቻ ለቀሩት ወይም ምራቅ እንኳ መዋጥ ላቃተው ሰው ስቴንት ትክክል ነው። ፈሳሽ ለሚወርድለት፣ ለሚራመድና ኬሞ ለመጀመር ለሚችል ሰው ደግሞ ኬሞው ራሱ መዋጥን በጥቂት ሳምንታት ሊያሻሽል ስለሚችል ቱቦ አስገብቶ ሕክምናውን መጀመር፣ ካስፈለገም አጭር ጨረር መጨመር የተሻለ ነው። ሁለቱንም አደራርቦ ማድረግ «ድርብ ጥቅም» የሚመስላቸው አሉ። ከስቴንት በኋላ አጭር ጨረር መጨመር መዋጥን እንደማያሻሽል እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ታይቷል፤ ደም ለሚፈስ ዕጢ ግን ይጠቅማል። ቧንቧውን በፊኛ ማስፋት ብቻውን የሚያቃልለው ለቀናት ወይም ለጥቂት ሳምንታት ነው፣ ሊበሳም ይችላል። እንደ ዋና ሕክምና አልመክረውም።

ስቴንት የገባለት ሰው መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ከዚያ ለስላሳና የደቀቀ ምግብ ይበላል። ጅማት የበዛበት ሥጋ፣ ጥሬ አትክልትና ትኩስ ለስላሳ ዳቦ ይደፍኑታል። ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ በደንብ አኝኮ፣ ከየጥቂቱ ጉርሻ በኋላ መጠጣት አለበት። ከተደፈነ ሌላ ምግብ በላይ በመጨመር ለመግፋት አይሞከር፤ በኢንዶስኮፒ ይጠረጋል።

«ስቴንት ከገባ ኬሞው ምን ያደርጋል» ለሚለው፦ ስቴንት መንገድ ይከፍታል እንጂ ካንሰሩን አይነካውም። ለተሰራጨ ስኳመስ መሠረታዊው ሕክምና የፍሎሮዩራሲልና የፕላቲነም መድኃኒት (ሲስፕላቲን ወይም ኦክሳሊፕላቲን) ጥምረት ሲሆን፣ ከተገኘና ዕጢው ተስማሚውን ምልክት ካሳየ ከኢሚውኖቴራፒ ጋር ይሰጣል። ኢሚውኖቴራፒ ካንሰሩ በሰውነት መከላከያ ላይ የጣለውን ልጓም የሚፈታ መድኃኒት ነው፤ እዚህ የሚታወቁት ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ቼክሜት 648 የተባለው ጥናት ያካተተው ስኳመስ ያለባቸውን ብቻ ነበር። ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ10.7 ወር በላይ፣ ኒቮሉማብ ከተጨመረላቸው ግማሾቹ ከ13.2 ወር በላይ ኖረዋል። ዕጢያቸው ፒዲ-ኤል1 የተባለውን ምልክት 1 በመቶና ከዚያ በላይ ባሳየው ላይ ልዩነቱ ሰፋ፤ በኬሞ ብቻ 9.1 ወር፣ ኒቮሉማብ ሲጨመር 15.4 ወር። ምልክቱ በሌላቸው ላይ ጥቅሙ ጠባብ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ወጥቶ መድኃኒቱ ከመገዛቱ በፊት ይህ ምርመራ በተወሰደው ናሙና ላይ ይሠራ። ሌላ ናሙና መውሰድ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ የናሙናው ማስቀመጫ ብሎክ በፓቶሎጂ ክፍል ይቀመጣል። ኢሚውኖቴራፒ የማይገኝ ከሆነ ኬሞ ብቻውን መስጠት ትክክለኛ ሕክምና ነው፤ «የተሻለው ከሌለ ምንም» የሚል አስተሳሰብ ብዙ ሰዎችን ጎድቷል። ያለ ኬሞ ሁለት የኢሚውኖቴራፒ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትም አለ። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራው ስለሚዘገይ ቧንቧው ለተዘጋ ሰው አልመርጠውም።

እነዚህን ቁጥሮች ሲያነቡ «አባቴ 13 ወር ቀራቸው» ብለው አይረዱ። ግማሹ ከዚያ በታች፣ ግማሹ ከዚያ በላይ ነው፤ ኢሚውኖቴራፒ ከተስማማቸው ጥቂቶች መካከል ዓመታት የሚኖሩ አሉ። በሌላ በኩል በዚህ ደረጃ ፈውስ ቃል የሚገባልዎ ካለ አይመኑት።

ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት የሚረጋገጡ ነገሮች አሉ። ሲስፕላቲን ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል። ፈሳሽ ብቻ እየወሰደ የከረመ ሰው ደግሞ ውኃ ያጠረው ስለሆነ ኩላሊቱ ታይቶ፣ በደም ሥር በሚሰጥ የጨው ውኃ ታድሶ ነው የሚጀመረው፤ ካልሆነ ኦክሳሊፕላቲን ይተካዋል። ፍሎሮዩራሲልን የሚሰባብረው ኢንዛይም በተፈጥሮ የጎደላቸው ሰዎች በመደበኛው መጠን ሊሞቱ ይችላሉ፤ በደም የሚሠራው የዲፒዲ ምርመራ ካለ ይሠራ። ካፔሲታቢን የተባለው ክኒን የፍሎሮዩራሲል ምትክ ቢሆንም መዋጥ ለማይችል ሰው አይሆንም፣ ቤት ውስጥ መፍጨቱም ለሚፈጨው ሰው አደገኛ ነው። ስለዚህ በደም ሥር የሚሰጠውን ይጠይቁ። ኢሚውኖቴራፒ የራሱ ጠባይ አለው፤ ተቅማጥ፣ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር፣ የጉበት ወይም የታይሮይድ መታወክ ሕክምናው ካበቃ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ መድኃኒቱን መውሰዳቸው ሳይነገር አይቅር።

ናሙናቸው አዴኖካርሲኖማ (ፈሳሽ ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሣው ሌላው ዓይነት) የሚል አንባቢዎች ይህን መልስ እንዳለ ለራሳቸው አይውሰዱ። በዚያ ዓይነት ከፒዲ-ኤል1 በተጨማሪ ኸር 2፣ ክላውዲን 18.2 እና ኤምኤስአይ የተባሉት የዕጢው ምልክቶች ይመረመራሉ፤ በውጤታቸው መሠረት ትራስቱዙማብን የመሳሰሉ የታለሙ መድኃኒቶች ይጨመራሉ። ስርጭት በሌለበት ደግሞ ፍሎት የተባለው የአራት መድኃኒት ጥምረት ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ሲሰጥ ቀደም ብዬ ከጠቀስኩት የክሮስ ዘዴ የተሻለ ዕድሜ ሰጥቷል።

እያንገላታናቸው ነው ወይ ላሉት፣ መልሱ ያለው በካንሰሩ ደረጃ ላይ ሳይሆን በአባትዎ አቅም ላይ ነው። ራሱን ችሎ የሚራመድ፣ የሚታጠብና ከቀኑ ከግማሽ በላይ ከአልጋ ውጭ የሚያሳልፍ ሰው ኬሞ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ይጠቀማል። ከግማሽ በላይ አልጋ ላይ የሚያሳልፍ ሰው ላይ ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ማቆሚያው መጀመሪያውኑ ይወሰን፦ ከሁለት እስከ ሦስት ወር በኋላ ሲቲ ይነሣ፤ ዕጢው ካደገ ወይም አልጋ ላይ ከዋሉ ይቁም። ሁለተኛ ዙር መድኃኒቶች፣ ፓክሊታክስል፣ ዶሴታክስል ወይም አይሪኖቴካን፣ አሉ። የሚሠሩላቸው ሰዎች ግን ጥቂት ስለሆኑ ያኔ አቅማቸው ተመዝኖ ይታሰባል።

የማስታገሻ ሕክምና ኬሞ ሲያልቅ የሚጠራ ተደርጎ መታየቱም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት የተሰራጨ የምግብ ቧንቧና የጨጓራ ካንሰር ያለባቸውን 328 ሰዎች አካትቶ፣ ከኬሞው ጋር ከመጀመሪያው የምግብና የሥነ ልቦና ክትትል የተደረገላቸውን ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ጋር አወዳድሯል፤ ክትትል ከተደረገላቸው ግማሾቹ ከ14.8 ወር በላይ፣ ከሌሎቹ ግማሾቹ ከ11.9 ወር በላይ ኖረዋል። ልዩነቱ አዲስ መድኃኒት ከሚያመጣው አያንስም፣ ዋጋው ግን በእጅጉ ያንሳል። ለሕመም ፈሳሽ ሞርፊን በሰዓቱ መስጠት ሱስ ይሆንባቸዋል ተብሎ አይፈራ፤ የሚያመጣው የሆድ ድርቀት ግን እርግጠኛ ስለሆነ ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይሰጥ።

አባትዎ ስለ በሽታቸው ምን እንደሚያውቁ አልጻፉም። ካልተነገራቸው ይነገራቸው። ቱቦ ለመግባት፣ ኬሞ ለመጀመርና ለማቆም የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ያልተነገረው ሰው ትኩሳቱንም ሕመሙንም «ቀላል ነው» ብሎ ይደብቃል።

እንግዲህ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህ ነው። በዚህ ሳምንት የመመገቢያ ቱቦውንና ታያሚኑን አስጀምራለሁ፣ ስቴንቱን አቆያለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የጉበቱን ምንነትና ብሮንኮስኮፒውን አስጨርሳለሁ፣ በዚያው ፒዲ-ኤል1 እንዲሠራ ፓቶሎጂን እጠይቃለሁ። ጉበቱ ንጹሕ ከሆነ ኬሞና ጨረር በአንድነት፣ ከዚያ ስለ ቀዶ ሕክምናው ውሳኔ። ጉበቱ ካንሰር ከሆነ ኬሞ፣ ከተገኘና ምልክቱ ካለ ከኢሚውኖቴራፒ ጋር፤ ቀዶ ሕክምና የለም፤ ስቴንት መዋጥ ከነአካቴው ሲቆም ብቻ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ዛሬውኑ ይቁም፣ ለጨረሩም ለቀዶ ሕክምናውም እንቅፋት ነው። የተለያዩ ዕፀዋት የሚያመጡላችሁ ካሉ አንድም ሳይነገር ከኬሞ ጋር አይቀላቀል፤ ጉበት ሲቆጣ ጥፋተኛው መድኃኒቱ ይሁን ዕፁ መለየት አይቻልምና ሕክምናው ይቋረጣል።

ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚወስዱት ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ውኃ በጠጡ ቁጥር የሚያስላቸው ከሆነ ዕጢው ወደ አየር ቧንቧ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ በአፍ ምንም አይስጡ፣ ይህ ሽፋን ያለው ስቴንት ያለ ማመንታት የሚገባበት ሁኔታ ነው። በኬሞ ወቅት ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ፤ ነጭ የደም ሴል ወርዶ ከሆነ ማስታገሻ ክኒን ትኩሳቱን ደብቆ ሰዓታትን ያስበላል። ደም ማስታወክ፣ ጥቁር ሰገራ፣ ከስቴንት በኋላ እየባሰ የሚሄድ የደረት ወይም የጀርባ ሕመም፣ የአንድ እግር ማበጥ፣ ምራቅ እንኳ አለመውረድ። በመጨረሻም ብዙ ጊዜ «ካንሰሩ ጭንቅላት ገባ» ተብሎ የሚተው አለ፦ ጥም፣ የሆድ ድርቀት፣ እንቅልፍ መብዛትና መቀባዠር አብረው ከመጡ በስኳመስ ላይ የካልሲየም መጨመር ሊሆን ይችላል። በአንድ የደም ምርመራ ይታወቃል፣ በፈሳሽና በዞሌድሮኒክ አሲድ በቀናት ውስጥ ይስተካከላል።